ከመቀስ በፊት ውሃ

ቅዳሜ፣ በወሩ አሥራ ዘጠነኛ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ትኬት ቆራጯ የአባቷን ውሻ እንደ ሕፃን ታቅፋ ከውሻ ፀጉር ማስተካከያው ቤት በር ፊት ቆመች። ቤቱ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቀድማ የመጣችው ቸኩላ አልነበረም፤ ሳምንቱን ሙሉ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ ለሌሎች ሰዎች ጉዞ ትኬት ስትቆርጥ የምትከርም ሴት በዕረፍት ቀኗም ቢሆን ከለመደችው ሰዓት አልፋ መተኛት ስለማይሆንላት ነው። ክንዷ ዝሏል። ውሻውም ከወትሮው ይልቅ ከብዷታል።

ጥጤ ይሉታል። ቡችላ ሳለ የተባዘተ ጥጥ ይመስል ስለነበር የወጣለት ስም ነው። አሁን ግን ጥጥነቱ ቀርቶ፣ ታጥቦ የደረቀ ወፍራም ብርድ ልብስ በላዩ የተሰፋበት ይመስላል። ንጹሕ ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። በዚህ ንጽሕናው ትኬት ቆራጯ በልቧ ትንሽ ትኮራ ነበር።

አስተካካይዋ ቁልፏን እያንቃጨለች መጣች። አምሳውን የተሻገረች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ የቀኝ እጇን አንጓ ሁልጊዜ በፋሻ ጠቅልላ የምትሠራ ሴት ናት።

«ጠፍታችሁ ጠፍታችሁ» አለች በሩን እየከፈተች። «ሌላ አስተካካይ ወሽማችሁ እንደሆነ ብዬ ነበር።»

«ሌላ የት እናውቃለን፣ እትዬ። ኑሮው ነው እንጂ።»

«ኑሮውስ እኔንም አልዘለለኝ። ግቢ፣ ብርድ ነው።»

ክፍሉ ጠባብ ነው። በመካከሉ ላዩ በጎማ የተነጠፈ ከፍ ያለ ጠረጴዛ፣ በጥጉ የእጥበት ገንዳ፣ በግድግዳው እንደ ቁመታቸው የተሰቀሉ መቀሶችና ማበጠሪያዎች፤ ከበሩ በስተቀኝ ደግሞ በእጅ የተጻፈ የዋጋ ሰሌዳ። ትኬት ቆራጯ ሰሌዳውን በቃሏ ታውቀዋለች። ፀጉረ አጭር ውሻ ሆኖ እጥበት ብቻ ከሆነ እምብዛም አይጎዳም። እንደ ጥጤ ፀጉሩ ጥቅል ለሆነው ግን እጥበቱ፣ ማድረቁ፣ ሙሉ ቁረጣው፣ ጥፍሩና ጆሮው ተደምሮ የእርሷን የሁለት ቀን ደመወዝ ይወስዳል። ከሁሉም በታች በቀይ ቀለም «ቋጠሮ ካለ በሰዓት ይታሰባል» የሚል መስመር አለ። ይህን መስመር ብዙ ጊዜ አንብባዋለች፤ ሁልጊዜም ስለ ሌላ ሰው ውሻ እንደተጻፈ አድርጋ።

አስተካካይዋ ጥጤን ጠረጴዛው ላይ አቆመችውና ጣቶቿን ወደ ጀርባው ፀጉር ልትሰድ ሞከረች። አልገቡላትም። ከጎኑ ሞከረች፤ ከሆዱ ሥር ሞከረች። ማበጠሪያ አንስታ ጫፉን ብቻ አስገባችና ተወችው።

«ቤት ታጥቢዋለሽ?»

«በየሳምንቱ እሑድ» አለች ትኬት ቆራጯ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው።

«ታበጥሪዋለሽስ?»

«ማበጠሩንማ ለእርስዎ ነው የተውነው።»

«እሱን ነበር የፈራሁት» አለች አስተካካይዋ፤ ማበጠሪያውንም ድምፅ እንዳያሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው።

የትኬት ቆራጯ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ፣ ጨርቁ ውድም ይሁን ርካሽ፣ አስቀድሞ በውሃ ይነከራል፤ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ብቻ መቀስ ይነካዋል። ሳይታጠብ የተቆረጠ ጨርቅ ተሰፍቶ ሲያበቃ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰብና ባለቤቱንም ሰፊውንም ያሳፍራል። «ከመቀስ በፊት ውሃ» ይሉ ነበር አባቷ። ልጆቻቸው ፊደል ሳይቆጥሩ ይህን ቆጠሩ።

ሌላም የታወቁበት ቃል ነበራቸው። የመጣላቸውን ጨርቅ በሜትር አይለኩትም፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በስንዝራቸው እየተራመዱ ከጫፍ ጫፍ ይሄዱበታል። ያነሰ እንደሆነ ቀና ሳይሉ መዳፋቸውን ይዘረጉና ለሴቲቱ «የቀረውን አምጪ»፣ ለወንዱ «የቀረውን አምጣ» ይላሉ። ሰው አይመርጡም። አንድ ጊዜ ለባለጸጋ ሚስት ብለዋት፣ ሴትዮዋ ተቆጥታ ሄዳ፣ በማግስቱ የቀረውን ይዛ መጥታለች። በቤቱ ውስጥ ይህ ቃል መቀለጃ ሆኖ ነበር። በተለይ ወንድሟ፣ የዛሬው ቀለም ቀቢ፣ በልጅነቱ የዳቦ ቁራሹ ባነሰበት ቁጥር መዳፉን ዘርግቶ የአባቱን ድምፅ እያስመሰለ «የቀረውን አምጪ» እያለ ያበግናት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አባቷን ስትሮክ መታቸው። ዓይናቸው ቀድሞውኑ በሞራ ተጋርዶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ቀኝ ጎናቸው ዛለ፤ ከንግግራቸውም «እ» እና «እሺ» ብቻ ተረፉ። የቀራቸው ግራ እጃቸው ነው። የአካል እንቅስቃሴ የምታሠራቸው ባለሙያ «ይህን እጅ ሥራ አታስፈቱት፤ ሥራ የፈታ እጅ ቶሎ ይረሳል» ብላ አስጠንቅቃ ነበር። የላስቲክ ኳስ ሰጧቸው፤ ወረወሩት። የጨርቅ ቁራጭ ሰጧቸው፤ ዳስሰው፣ ምናልባት ንቀውት ይሆናል፣ ለቀቁት። አንድ ቀን ግን ጥጤ ራሱ መጥቶ ከወንበራቸው በስተግራ ተኛ፤ የተንጠለጠለው እጅም ወርዶ ፀጉሩ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጁ ሥራ አገኘ። ልጃቸው ማልዳ ወደ ትኬት መስኮቷ ስትሄድ እጁ እዚያ ነው፤ ቀትር ላይ ምሳ ልታበላቸው የምትገባው ጎረቤት እዚያው ታገኘዋለች፤ ልጅቱ ሲመሽ ደክሟት ስትመለስም እዚያው ነው። የሚስታቸውን ሞት፣ የስፌት መኪናቸውን መሸጥና የቀኖቻቸውን ርዝመት ይህ እጅ እንዴት እንደሚሸከመው የሚያውቅ የለም፤ ጥጤ ለአንድ ቀን ከአጠገባቸው ሲርቅ ግን አባቷ ምግብ እንደማይቀበሉ ልጆቹ ሁለቱም አይተዋል።

ጥጤን ያመጣው ወንድሟ ነው፤ ከቀባው ቤት በስጦታ ተቀብሎ። ያን ጊዜ «እታለም፣ አባባ ያንቺ፣ የውሻው ፀጉር የኔ» ብሎ ቃል ገባ፤ ለአንድ ዓመትም በየስድስት ሳምንቱ ሳያጓድል ከፈለ። ከዚያ ሚስቱ መንታ ወለደች። ክፍያው መጀመሪያ ዘገየ፤ ቀጥሎ ግማሽ ሆነ፤ ቀጥሎ ቀልድ ብቻ ሆነ። እህቱ አልፈረደችበትም። የመንታ አባት ምን ቢል ያምርበታል።

ነገሩን ራሷ ለመያዝ ወሰነችና ከአባቷ ዕቃ የተረፈውን የአዝራር ጣሳ የጥጤ ማጠራቀሚያ አደረገችው። ከኪራይ፣ ከመድኃኒትና ከመብራት የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ፣ በየስድስት ሳምንቱ የነበረውን ጉብኝት በየሦስት ወሩ አደረገችው። በመካከል እርሷ ታጥበዋለች። ውሃ አለ፤ ሳሙናው ርካሽ ነው፤ ታጥቦ ለሚመጣ ውሻም አስተካካይዋ ትቀንሳለች። ሒሳቡ ያምር ነበር። ከመቀስ በፊት ውሃ፤ አባቷ ቢናገሩ ኖሮ የሚመክሯት ይህንኑ አልነበረም?

እናም በየእሑዱ ጥጤን ለብ ባለ ውሃ ነከረችው፤ ሱፍ እንደሚታሽ አሸችው፤ ጨምቃ በፎጣ ጠቀለለችው። እርሷ ስታጥብ አባቷ ወንበራቸው ላይ ይቁነጠነጡ ነበር። በግራ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ያንኳኳሉ፤ «እ፣ እ» ይላሉ። ቶሎ አምጪልኝ ማለታቸው ነው ብላ ትቸኩላለች፤ ስትቸኩልም ይበልጥ ታሻለች። ውሻው እርጥብ እንዳለ ሲመለስላቸው ጆሮው አካባቢ ይይዙና በጣቶቻቸው እየቆነጠሩ ለረጅም ጊዜ አይለቁትም። ይጫወቱበታል፤ ይህን አይታ ደስ ይላታል፤ ከዚያም የነገውን ልብሷን ልትተኩስ ትሄዳለች።

«ጥቅል ፀጉር ሲነቀል መሬት አይወድቅም» አለች አስተካካይዋ፣ የጥጤን አገጭ በመዳፏ ደግፋ። «እዚያው ከባልንጀራው ጋር ይጠላለፋል። ደረቁን ከተበጠረ ይወጣል። ሳይበጠር ውሃ ነክቶት ሲታሽ ግን ይሰበሰባል፤ ሲደርቅ ይጠብቃል። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ በላዩ ይደገማል። እህቴ፣ አንቺ ውሻ አላጠብሽም፤ የሱፍ ባርኔጣ ነው የሠራሽው።»

ትኬት ቆራጯ ፈገግ ልትል ፈለገች፤ ፊቷ እንቢ አላት። ሱፍ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ማሸት። ይህን የማያውቅ የልብስ ሰፊ ልጅ የለም። ውሃ ከመቀስ የሚቀድመው ጨርቁን እንዲሰበስብ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። ይህን እያወቀች ሦስት ወር ሙሉ ውሃውን ሥራውን አሠራችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል በሰው ላይ እንጂ በራሷ ሰምታው አታውቅም።

«አሁን ምን ይሻላል?»

«መላጨት ነው።»

«ሁሉንም?»

«እስከ ቆዳው። የማሽኑም ምላጭ ስለሚደንዝ፣ ጊዜም ስለሚወስድ፣ ከሰሌዳው በግማሽ ይበልጣል።»

«ሳይላጭ የሚፈታበት መንገድ የለም?»

አስተካካይዋ የታሰረ አንጓዋን አሸት አሸት አደረገችው። «በእጅ ቋጠሮ በቋጠሮ መፍታት አለ። ዛሬ ግማሽ ቀን፣ ነገ ግማሽ ቀን። ለሱ የሚጠየቀውን ስነግርሽ ትደነግጫለሽ፤ የሳምንት ደመወዝሽ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም የምጠይቀው፤ እጄ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ጽዋ አያነሳም።»

«እትዬ፣ ይህ ፀጉር ለእኛ ጌጥ አይደለም» አለች ትኬት ቆራጯ። ስለ አባቷ ነገረቻት። አሳጥራ ነው የነገረቻት፤ ለመንገደኛ የመኪና መነሻ ሰዓት እንደምትነግረው በደረቁ። አስተካካይዋ ሰምታ፣ የጥጤን አንድ እግር አነሣ አድርጋ፣ «እስኪ ከወንድምሽ ጋር ተነጋገሪ። እኔ እስከዚያ ከሥር ምን እንዳለ ልይ» አለች።

ትኬት ቆራጯ ከበሩ ውጭ ቆማ ደወለች።

«እታለም፣ በሰላም ነው? አባባ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። ጥጤን ይዤ ፀጉር ቤት ነኝ።»

«ታድሎ። እኔ ፀጉር ቤት ከገባሁ ዘመን ሆኖኛል። ልጆችሽ ናቸው እየነጩ የሚያሳጥሩልኝ።»

«ስማኝማ» አለችና ሁሉንም ነገረችው፤ ባርኔጣውንም፣ የሳምንት ደመወዙንም።

«ለውሻ?» አለ ወንድሟ። «አንድ ሳሎን ሁለት እጅ ቀብቼ ያን ያህል አይሰጡኝም እኮ። ይላጭ በቃ። ፀጉር አይደል፣ ይበቅላል።»

«መቼ?»

«አራት ወር። ቢበዛ አምስት።»

«እስከዚያ አባባ እጃቸውን የት ያድርጉት?»

አንደኛው ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፤ ወዲያው ሁለተኛው፣ እንዳይቀርበት ይመስል፣ ተከተለው። ወንድሟ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው ሲያዞረው ተሰማት።

«አንቺ ደግሞ፣ ሰው መሄጃ የሚያጣበትን ጥያቄ ከየት ነው የምታመጪው» አለ። ድምፁ ከቀልድ ወርዶ ነበር። «አላጭበረብርሽም። ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፤ ያፈረስኩትም እኔ ነኝ። ለመሰላል ያጠራቀምኩት አለ። ግማሹን ልኬልሽ አሮጌውን ትንሽ ልግፋበት።»

«ያ መሰላል ይነቃነቃል ብለህ አልነበር?»

«ይነቃነቃል። ከወደቅሁ ከአባባ ጎን ታስተኚኛለሽ፤ ውሻውን በፈረቃ እንካፈላለን።»

አልሳቀችም። ስልኩን ዘግታ ግን ለትንሽ ጊዜ ደረቷ ላይ ይዛው ቆመች። ገንዘቡ ተገኝቷል። እርሷ ከምሳዋ፣ እርሱ ከመሰላሉ፤ ከሁለቱም የሚጎድለውን ጣሳው ይሞላዋል። ከጠዋት ጀምሮ የተሸከመችው ሸክም ትከሻዋን ለቆ ሲወርድ የተሰማት መሰላት፤ በሩንም ገፍታ ገባች።

«ይፈታ፣ እትዬ። ገንዘቡ አለ።»

አስተካካይዋ በእጅ መቀስ ከጥጤ የፊት እግር ሥር አንድ መዳፍ የማይሞላ ፀጉር ቆርጣ ነበር። «ነይ፣ እዪው» አለች።

ከፀጉሩ ሥር ያለው ቆዳ ቀልቷል። ብብቱ ውስጥ እርጥብ ነው፤ ቋጠሮው በየእርምጃው እየጎተተ ልጦታል። ከእሑድ የቀረ ርጥበት ሳይደርቅ እዚያው ከርሟል። ጥጤ መኪና እንዳመለጠው መንገደኛ አንገቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል፤ ሲነኩትም አያጉረመርምም።

«ሌላውም ቦታ እንዲሁ ነው» አለች አስተካካይዋ። «ይህን ቆዳ ግማሽ ቀን የሚጎትት እጅ የለኝም። ቢኖረኝም ከፍለሽ አታሠሪኝም። ገንዘቡን ለወንድምሽ ተዪለት።»

ትኬት ቆራጯ የተገለጠውን ቆዳ ትመለከት ነበር። አባቷ ቀኑን ሙሉ እጃቸውን የሚያሳርፉበት ውሻ፣ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሆኖ ዝም ብሎ ተኝቶ ኖሯል። ለወንድሟ «መሰላልህን ግዛ» ብላ አጭር መልእክት ጻፈች። ከዚያ «ይላጭ» አለች።

ማሽኑ ተነሣ። ፀጉሩ እንደተለመደው በቁራጭ በቁራጭ አልወደቀም፤ ከጀርባው ጀምሮ እንደ ካፖርት ወጥ ሆኖ ተገፈፈ። ከሥሩ የወጣው ውሻ ከሲታ፣ ሮዝ ቆዳ ያለው፣ ከገመተችው በጣም ያነሰ እንስሳ ነው። አስተካካይዋ አንድ እጇን ከጥጤ ደረት ሥር አድርጋ፣ በሌላው ማሽኑን እየመራች፣ ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ጆሮው ደረሰች። እዚያ ማሽኑን አጠፋችው።

«ይህንን ማን ነው የሚያበጥረው?»

«ማንም።»

«ማንምማ አይደለም።» ከግራ ጆሮው ጀርባ አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ፀጉሩን በጣቷ ገለጠች። እስከ ሥሩ ተከፈተላት። ነጭ፣ ልል፣ የጥንቱ ጥጥ። «ይህ ከቋጠሮ አምልጦ የቆየ አይደለም። ተፈትቷል። ማበጠሪያም አይደለም የፈታው፤ ማበጠሪያ መስመር ይተዋል። ጣት ነው። አንድ ሰው ፀጉር በፀጉር ቁጭ ብሎ ፈትቶታል።»

ትኬት ቆራጯ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። የወንበሩ ክንድ ሲንኳኳ ተሰማት፤ «እ፣ እ» የሚለውም ድምፅ፤ እርሷም ቶሎ ቶሎ ስታሽ። ጨርቅ በመዳሰስ አምሳ ዓመት የኖረ እጅ ከፀጉሩ ውስጥ የሚሆነውን ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ ሳያውቅ አልቀረም። እርሷ ስታጥብ ይከለክላል፤ ስትመልስለት ይፈታል። አንድ እጅ ነው፤ የደረሰበትን ያህል ደረሰ።

«ይህን አይንኩት» አለች።

«ለብቻው ያስጠላል። ሰው ይስቃል።»

«የሚስቅ ይሳቅ። የሚያየው ሰው በጣቱ ነው የሚያየው።»

አስተካካይዋ ማሽኑን አስቀምጣ በመቀስ ዙሪያውን ብቻ አስተካከለችው። ቁስሉን አጥባ ቅባት ቀባችው። ከዚያም ጥፍሩን እየቆረጠች፣ ቀና ሳትል፣ ለብዙ ሰው ተናግራ በሰለቸ ድምፅ ተናገረች። «ከእንግዲህ ረጅም አታድርጊው። አጭር ፀጉር ሲይዙትም ሲያስቆርጡትም ይረክሳል። በየስድስት ሳምንቱ አምጪው፤ ሲቸግርሽ ስምንት ይሁን፣ ከዚያ አይለፍ። በመካከል በየሁለት ቀኑ ደረቁን አበጥሪ፤ ማበጠሪያ አንዴ ብትገዢ ዕድሜ ልክሽ ነው። ካላበጠርሽ ደግሞ ውሃ አታስነኪው፤ ቆሽሾ ይምጣ፣ እኔ አልጸየፈውም። ገንዘቡን ደመወዝ የተቀበልሽ ዕለት ለይተሽ አስቀምጪ። ከተረፈኝ አትበይ። ለማን ተርፎ ያውቃል?»

«ለማንም» አለች ትኬት ቆራጯ።

ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። አስተካካይዋ ሳንቲሙን ስትሰበስብ ከመካከሉ አንድ ጥቁር የካፖርት አዝራር አገኘችና፣ «ይህ እኔ ጋ አይመነዘርም» ብላ መለሰችላት። ከዋጋው አልቀነሰችላትም። ብትቀንስላት ኖሮ ትኬት ቆራጯ ይበልጥ ታፍር ነበር፤ የዚያችን ሴት አንጓ ስታየው አርፍዳለች። የተገፈፈው ፀጉር፣ የውሻውን ቅርጽ እንደያዘ፣ ተጠቅልሎ ከእጥበት ገንዳው አጠገብ ወደ ቆመው የቆሻሻ ከረጢት ገባ። የሦስት ወር እሑዶች ነበሩ።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ዛሬ ግን ረዘመባት። ጥጤ እቅፏ ውስጥ ቀሎ፣ ሙቀቱ በቀጥታ ክንዷን ይነካታል። ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ የቆመ አንድ ሰው «ሴትዮ፣ ቀሪውን በግ የት ጣልሽው?» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን የሚመጥን መልስ አታጣም ነበር። ዛሬ አለፈችው።

አባቷ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸው ከወንበሩ ክንድ ወርዶ፣ ባዶውን፣ በተለመደው ቦታው ላይ ተንጠልጥሏል። ጠዋት ጎረቤቷ ያስቀመጠችላቸው ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

ጥጤን መሬት ስታወርደው ሌላ አልጠበቀም፤ እያነከሰ ሄዶ ከእጁ ሥር ተኛ። እጁ ወረደ። የተላጨውን ጀርባ ሲነካ፣ የጋለ ብረት እንደነካ ሰው፣ ተነሣ።

«አባባ» አለች ትኬት ቆራጯ ከወንበሩ አጠገብ ተንበርክካ። «ጥጤ ነው። ቆስሎ ነበር። እኔ ነኝ ያቆሰልኩት። እጅዎን ይስጡኝ።»

እጃቸውን ያዘችና ወደ ጆሮው ወሰደችው። ጣቶቹ ፀጉሩን አገኙት። መጀመሪያ ቆሙ፤ ከዚያም ቦታቸውን እንዳወቁ ሁሉ ገቡ፤ አንዱን ከሌላው ይለዩ ጀመር። የአባቷ ትከሻ ወረደ። ትንፋሻቸው ረጋ። ጥጤም አገጩን ወለሉ ላይ ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

ትኬት ቆራጯ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ከግድግዳው አስደገፈች፤ አዝራሩን ከኪሷ አውጥታ ጨበጠችው። ይህችን ታህል ካለች ይበቃል ብላ አሰበች። አራት ወር፣ ቢበዛ አምስት። በየሁለት ቀኑ ደረቁን ታበጥራለች፤ ደመወዝ የተቀበለች ዕለት ትለያለች፤ ማበጠሪያውን ወንድሟ ይገዛል፣ እርሱም ቃሉን እንደጠበቀ ይቆጠርለታል። ዓይኗ ሊከደን ደረሰ።

የእጁ እንቅስቃሴ ሲለወጥ ነው የነቃችው። እጁ ከጆሮው ጀርባ ተነሥቶ ወደ አንገቱ ሄዶ ፀጉሩ የሚያበቃበት ላይ ደርሶ ነበር። ቆመ። ተመልሶ ከጆሮው ሥር ጀመረ። አውራ ጣቱና ትንሿ ጣት ተዘረጉ፤ ስንዝሩ አንድ ጊዜ ተራመደና መሄጃ አጣ። ከሌላው ወገን ጀመረ፤ አሁንም መሄጃ አጣ። ትኬት ቆራጯ ይህን አለካክ ታውቀዋለች።

አባቷ ቀና አላሉም። እጃቸው ከውሻው ላይ ተነሥቶ ወደ እርሷ ተዘረጋ፤ መዳፉ ወደ ላይ ተከፍቶ።

«የቀረውን አምጪ» አሉ።

ሁለት ዓመት ያልሰማችው ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ቁጣ የሌለበት፣ ለማንኛውም ደንበኛ ይሉት እንደነበረው። ትኬት ቆራጯ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች፣ የካፖርቱ አዝራር በጨበጠችው እጇ ውስጥ እንዳለ፣ የተዘረጋውን መዳፍ ታየው ነበር። መዳፉ አልታጠፈም።